የአቦቦ ቃሬዛ ተሸካሚዎች

ዕዝራ የተቀበረ ዕለት አቦቦ ውስጥ ከቀብር የቀረ ሰው አልነበረም። ሰፋሪው መጣ፣ የአኙዋ ሽማግሌዎች መጡ፣ የጥጥ እርሻው የቀን ሠራተኞች በትራክተር ተጎታች ተጭነው መጡ፤ ነጋዴውም ሱቁን ዘግቶ መጣ። ያላለቀሰች ሚስቱ ብቻ ነበረች። ወርቅነሽ ከሬሳው ኋላ ስትሄድ ሰዎች ግራና ቀኝ ክንዷን ይዘው ደግፈዋታል፤ እሷ ግን የምታስበው ስለ ጫማዋ ነበር። የሐምሌ ጭቃ ጫማዋን ይዞ ሊያስቀርባት ሲል ጣቶቿን እያኮማተረች ታስለቅቀዋለች። ከዚያ ውጭ በሐሳቧ ውስጥ ምንም አልነበረም።

«አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ ይውጣልሽ» አሏት አሮጊቶቹ።

ልትታዘዛቸው ሞከረች። እንባው እምቢ አለ። እነሱም እርስ በርስ ተያይተው «ደንዝዛ ነው» ተባባሉ፤ ተዋት።

ወርቅነሽ የአቦቦ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት። ወላጆቿ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች ስለሆነች ወሎን በወሬ እንጂ በዓይኗ አታውቀውም። ትልቁም ትንሹም «ሲስተር» ይላታል። ባሏ ዕዝራ የግብርና ባለሙያ ነበር፤ «የላብ አደሮች ኅብረት» የተባለውን ፓርቲ አቦቦ ውስጥ የተከለውም እሱ ነው።

ፓርቲው አቦቦ የገባው በንግግር አልነበረም፤ በቃሬዛ ነበር። ክረምት ሲመጣ መኪና የማይደርስባቸው መንደሮች ብዙ ናቸው። ዕዝራ ከሰፋሪውም ከአኙዋውም ጎልማሶችን አሰባስቦ በሽተኛና ወላድ በሸክም የሚያወጣ ቡድን አቋቋመ። ሸክም ሰውን ያቀራርባል። ጭቃ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ሲጋፉ የከረሙት ሰዎች በጋ ሲሆን አብረው ተቀምጠው ስለ መሬታቸው መነጋገር ጀመሩ፤ ያለ እነሱ ፈቃድ ለእርሻ ኩባንያ የተሰጠውን ማሳ ጉዳይ አብረው ሄደው ጠየቁ። ምርጫ ሲመጣም አብረው የፓርቲውን የዶማ ምልክት መረጡ። ዕዝራም ለክልሉ ምክር ቤት ከአቦቦ ወንበሮች አንዱን አሸንፎ ገባ።

ከዚያ በኋላ አዲስ አበባ ያሉት የፓርቲው መሪዎች ተጣሉ። አንደኛው ወገን ከመንግሥት ጋር ተጠግተን እንሥራ አለ፤ ሌላው ይህ ክህደት ነው አለ። ጠቡ በስልክ ጋምቤላ ደረሰ። ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ፓርቲውን የሚመሩት ሁለት የዕዝራ ጓደኞች ነበሩ፤ አንዱ ጥዑመልሳን የሚባል የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ ሌላው ጀምስ የሚባል የኑዌር ተወላጅ ጠበቃ። ጥዑመልሳን ከአንዱ ወገን፣ ጀምስ ከሌላው ቆመ። አንድ ማዕድ ሲቆርሱ የኖሩት ሰዎች ሆድና ጀርባ ሆኑ። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ቢሮ ተከፈተ፤ የሁለቱም ታፔላ «ኅብረት» ይላል።

ቀጥሎ በመጣው ምርጫ አንዱ የዶማውን ምልክት ይዞ ቀረበ፣ ሌላው በግል ዕጩዎች። የዶማው ሰዎች የግሎቹን ከሃዲ አሏቸው፤ የግሎቹ ዶማውን የተሸጠ ዶማ አሉት። መራጩ ግራ ገባው። ገሚሱ ሌላ መረጠ፣ ገሚሱ ቤቱ ዋለ። የዕዝራም ወንበር ሄደ። የቃሬዛ ቡድኑም ለሁለት ተከፈለና ጥቂት ቆይቶ ሁለቱም ቀሩ።

ዕዝራ ከሁለቱም አልሆነም። በየሳምንቱ ሞተር ሳይክሉን እያስነሳ አንዴ ወደ ጀምስ፣ አንዴ ወደ ጥዑመልሳን ለሽምግልና ይመላለስ ነበር። በመጨረሻው ጉዞው፣ ወደ አቦቦ ሲመለስ፣ ሞተሩ ጭቃ ላይ ተንሸራቶ ጣለው። መንገደኞች አግኝተው ለሁለቱም ቢሮ ደወሉ። ሁለቱም መኪና ነበራቸው። የጥዑመልሳን ሰዎች «ከጀምስ ስብሰባ ነው የወጣው፣ እነሱ ያንሡት» አሉ። የጀምስ ሰዎች ደግሞ «የጥዑመልሳን መኪና እዚያው አቅራቢያ ነው፣ ደርሶ ይሆናል» ብለው ጠበቁ። ዕዝራ ዝናብ እየደበደበው መንገድ ዳር ቆየ። ማንጎ የጫነ አይሱዙ አነሣው፤ ሆስፒታል ሳይደርስ ግን ሕይወቱ አለፈ። ይህን አቦቦ ውስጥ የማያውቅ የለም። ወርቅነሽም የሰማችው በቀብሩ ዕለት ነው።

መስከረም አጋማሽ ላይ ጀምስ ብቻውን መጣ። ረጅም ነውና በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«ሲስተር» አለ፣ «ለሚመጣው ምርጫ አቦቦ ላይ ካንዲዴት እንፈልጋለን። ኮሚቴው ተነጋገረ። አንቺ ብትሆኚ ሕዝቡ ይመለሳል። ለዕዝራ ሪስፔክት አለው ሕዝቡ።»

ወርቅነሽ መቆጣት እንዳለባት አወቀች። ቁጣውን በውስጧ ፈለገችው፤ አጣችው።

«ቅዳሜ ና» አለችው።

በማግስቱ ጥዑመልሳን መጣ። እሱ ስሙን የሚመጥን አንደበት አለው። ስለ ዕዝራ መሥዋዕትነት፣ ስለ ሰፊው ሕዝብ አደራ፣ ታሪክ በእሷ ትከሻ ላይ ስለጣለው ኀላፊነት ተናገረ። እሷ የምታየው ሲናገር ከፍ ዝቅ የሚለውን የአንገቱን ማንቁርት ነበር።

«ቅዳሜ ና» አለችው እሱንም።

ቅዳሜ ሲመጡ ደጃፏ ላይ ተገናኙ። ሁለቱም ሊመለሱ ቃጣቸው። ወርቅነሽ በሩን ከፍታ «ግቡ» አለች፤ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፣ ተረኛ በሽተኛ እንደምትጠራ። ገቡ። አግዳሚው ላይ በመካከላቸው የሰው መቀመጫ ያህል ትተው ተቀመጡ።

«ሁለታችሁም የምትፈልጉት ስሜን ነው» አለች። «ስሜ ምን እንደሚሠራላችሁ አላውቅም። ዕዝራ የወደቀ ዕለት ለሁለታችሁም ተደውሏል። ሁለታችሁም አልመጣችሁም። ይህን የምለው ልወቅሳችሁ አይደለም፤ ለመውቀስም አቅም የለኝም። ሕዝቡ ያውቃል ለማለት ነው። የምትፈልጉት ሕዝብ ይህን እያወቀ ነው የምትጠይቁት።»

ጀምስ ፊቱን በሁለት መዳፉ ሸፈነ። 

«ኑ» አለች ነጠላዋን እያጣፋች። «ራሳችሁ ጠይቋቸው።»

ያን ቀን አቦቦን አብረው ዞሩ። ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ሲያይ ይገረምና ቆም ይላል፤ ወርቅነሽን ሲያይ ደግሞ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። አንድ ሰፋሪ ገበሬ ወንበር አውጥቶ አስቀመጣቸውና ስለ በቆሎው፣ ስለ ዝንጀሮው፣ ስለ ዝናቡ አወራቸው፤ ምርጫ የሚለው ቃል በተነሣ ቁጥር ወደ ዝንጀሮው ይመለሳል። አንዲት የጥጥ ለቃሚ «እናንተ የትኞቹ ናችሁ?» አለች፤ ጥዑመልሳን ማስረዳት ሲጀምር «ተዉት፣ ለማወቅ አይደለም» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። አንድ ሰው በሩን ዘጋባቸው። ሌላው ደግሞ ፓርቲው መኖሩንም ረስቶታል።

የቃሬዛውን ቡድን ይመራ የነበረው ኡጁሉ የሚባል አኙዋ ገበሬ ማሳው ላይ አገኙት። አማርኛው አጭር ነው፤ ሁሉንም በእኩል «አንተ» ይላል፤ ማንም አይቀየመውም።

«ጀምስ፣ አንተ መጥተህ ከጥዑመልሳን ጋር አትሥራ አልከኝ። ጥዑመልሳን፣ አንተ መጥተህ ከጀምስ ጋር አትሥራ አልከኝ። እሺ አልኩ። ከማንም ጋር አልሠራሁም።» ጎንበስ ብሎ አረሙን መንቀሉን ቀጠለ። «አሁን ምን ልትለኝ መጣህ?»

ሁለቱም ወደ ወርቅነሽ ዞሩ። ወርቅነሽም አልረዳቻቸውም።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ መጣና ጦይባ ሱቅ ተጠለሉ። ጦይባ ዘይትና ሳሙና፣ ጨርቃ ጨርቅም የምትሸጥ ባልቴት ናት። ልጇ ነዒማ ከወንዙ ማዶ ካለው መንደር ኻሊድ ለሚባል ገበሬ ተድራለች። ጦይባ ለወርቅነሽ በርጩማ አቀረበችላት፤ ሁለቱን ወንዶች ግን ቆመው ተወቻቸው።

«እኔ ዶማውን ነበር የምመርጥ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ከዚያ አንዱ መጥቶ ዶማው ከሃዲ ነው አለኝ። ሌላው መጥቶ እሱ ራሱ ከሃዲ ነው አለኝ። ሁለቱንም አመንኳቸው። የምርጫው ዕለት ሱቄን ከፍቼ ዋልኩ።»

ጀምስ ፈገግ ሊል ሞከረና ተወው።

በዚህ መሐል የወርቅነሽ ስልክ ጮኸ። ኻሊድ ነው። ነዒማን ምጥ ይዟታል፤ ደም ይፈሳታል። አምቡላንስ ተጠርቶ ነበር፤ ወንዙ ሞልቶበት በአቦቦ በኩል ባለው ዳርቻ ቆሟል።

ወርቅነሽ ስልኩን ዘግታ ለጦይባ ነገረቻት። ጦይባ እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ወርቅነሽ ቦርሳዋን ከጤና ጣቢያው ልታመጣ ተነሥታ፣ ሁለቱን ወንዶች ስታይ፣ «ቃሬዛው ቤቴ ጓሮ አለ፤ አምጡት» አለች። ትዕዛዝ አልነበረም፤ ልመናም አልነበረም። ወጡ።

ጀምስ ግን ቃሬዛውን ከማንሣቱ በፊት ወደ ኡጁሉ ማሳ ሮጠ። ምን እንዳለው ማንም አልሰማም። ኡጁሉ ጥቂት ጎረቤቶቹን አስከትሎ መጣ። ከሰፋሪውም ወገን፣ በሩን የዘጋባቸው ሰውዬ ሳይቀር፣ የነዒማን ስም ሲሰማ ሱሪውን ጠቅልሎ ወጣ።

ወንዙን ገመድ ይዘው፣ ውሃው እስከ ደረታቸው እየደረሰ ተሻገሩ። ነዒማ ከጎጆዋ ወለል ላይ ከንፈሯ ነጥቶ ተኝታ ነበር። ወርቅነሽ የሚደረገውን አደረገች፤ እጆቿ ያውቁታል፤ ልቧ ሩቅ ቦታ ሆኖ ያያቸዋል። የሕፃኑን የልብ ምት አዳመጠች። እንደገና አዳመጠች። ለማንም ምንም አላለችም።

«አሁኑኑ እንሸከማት» አለች።

ቃሬዛውን አነሡ። ከፊት ኡጁሉና በሩን የዘጋው ሰውዬ፣ ከኋላ ጀምስና ጥዑመልሳን። ጀምስ ረጅም፣ ጥዑመልሳን አጭር ነውና ቃሬዛው ያዘመመ ነበር። ጥዑመልሳን ጫማው ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ አልተመለሰለትም፤ በባዶ እግሩ ሄደ። ጀምስ ቁመቱን ለማስተካከል ጉልበቱን አጥፎ መሄድ ጀመረ፤ ወንዙ ጋ ሲደርሱ እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ቀይረኝ» አለው ጥዑመልሳንን፤ ለረጅም ጊዜ ለእርሱ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

«በየት በኩል?»

«በግራ። ቀስ። ያዝክ?»

«ይዣለሁ፤ ልቀቅ።»

ውሃው ውስጥ ቃሬዛውን ከራሳቸው በላይ አድርገው አሻገሩ። ኻሊድ የሚስቱን እጅ ይዞ በጎን እየሄደ ዱዓ ያደርግ ነበር። ወርቅነሽ ከኋላ እየተከተለች የሰዎቹን ጀርባ ታያለች። ዕዝራም መንገድ ዳር ተኝቶ እንዲህ ያሉ ጀርባዎችን ጠብቆ ይሆናል ብላ አሰበች። ሐሳቡ መጣ፣ ቆመ፣ አለፈ። አላመማትም። አለማመሙ ግን ትንሽ አስፈራት።

አምቡላንሱ ሆስፒታል አደረሳቸው። ነዒማ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም።

ሰዎቹ የሆስፒታሉ በረንዳ ላይ፣ ልብሳቸው ላያቸው ላይ እየደረቀ፣ ዜናውን ሰሙ። ጥዑመልሳን ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ፤ ድምፅ አውጥቶ፣ እንደ ልጅ። ጀምስ «አረፈድን» አለ ደጋግሞ፣ «አረፈድን።»

ኡጁሉ ብቻ ተነሥቶ ቃሬዛውን ከዝናቡ ወደ ውስጥ ሳበው። «ሴትዮዋ አለች» አለ። «እናትየዋ አለች። ነገ ደግሞ ሌላ ይታመማል።»

ከዚያ የሆነው ነገር የድል ታሪክ አይደለም። ማንም መጥቶ እግራቸው ላይ አልወደቀም። ጦይባ ግን በሳምንቱ ለቃሬዛው የሚሆን ጠንካራ ሸራ ከሱቋ ቆርጣ ሰጠች። ነዒማም ሲሻላት ኻሊድን ይዛ ወርቅነሽ ቤት መጣች፤ ሁለቱ ሴቶች ብዙም ሳይናገሩ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ያ መቀመጥ ለሁለቱም የበቃ ይመስል ነበር። የቃሬዛው ቡድን ተመለሰ። ከጋምቤላ ጀምስና ጥዑመልሳን በየተራ፣ አንዳንዴም አብረው ይመጣሉ። ገበሬው ስለ ዝንጀሮው ሲያወራ አሁን ያዳምጡታል፤ ስለ ዝንጀሮው አውርቶ ሲጨርስም ስለ መሬቱ ይጀምራል።

አንድ ቀን ወርቅነሽ ጋምቤላ ለስብሰባ ሄዳ ስትመለስ የጥዑመልሳን ቢሮ ታፔላ ወርዶ አየች። ቁልፉን ለጀምስ ሰጥቶታል። አዲስ አበባ ያሉት ሁለቱም ወገኖች ተቆጡ፤ አንደኛው ጥዑመልሳንን አገደ፣ ሌላው ጀምስን። ሁለቱ ሰዎች የእገዳውን ዜና ባሮ ወንዝ ዳር አሳ እየበሉ ነው የሰሙት ይባላል፤ ከዕዝራ ሞት ወዲህ አብረው የሳቁትም ያን ጊዜ ነው ይባላል።

የዕጩው ነገር ግን ገና አልተቋጨም ነበር። እንደገና አብረው መጥተው ለመኗት።

«እኔ አልሆንም» አለች። «የዕዝራን ሞት ተሸክሜ ድምፅ አልለምንበትም። ለምን ኡጁሉን አትጠይቁትም?»

«ኡጁሉ ንግግር አይችልም» አለ ጥዑመልሳን፣ ከልማድ።

ጀምስ ዞር ብሎ አየው። ጥዑመልሳን አንገቱን ደፋ። «ይሁን» አለ። «ንግግሩን እኔ አደርግለታለሁ፤ ከፈለገ።»

ኡጁሉ አልፈለገም። በየመንደሩ እየዞረ አጭር አጭር ነገር ተናገረ፦ መሬት ለሌላ ከመሰጠቱ በፊት የአራሹ ቃል ይጠየቅ፤ ክረምት የሚያሻግር ድልድይ ይሠራ። አንዳንዱ መንደር ግራ ገብቶት «ሁለቱ ታርቀዋል?» ብሎ ይጠይቃል። «ታርቀዋል» ይላል ኡጁሉ። «ካልታረቁ እኔ እወጣለሁ።» ይህን የሚለው ሁለቱም ባሉበት ነበር፤ ጎን ለጎን ቆመው ይሰሙታል።

ምርጫው ሰኔ ላይ ሆነ። ዝናብ ነበረ፤ ሰው ግን ወጣ። በዶማው ሳይሆን በጀልባ ምልክት፣ በግል ዕጩነት፣ ኡጁሉ አንዱን ወንበር አሸነፈ። ከጎኑ የቀረበው የጥጥ እርሻው ሠራተኛ ተሸነፈ፤ ሰፋሪው የሚበዛበት አንድ መንደር አሁንም ድምፁን ለሌላ ሰጥቷል። ጀምስ ውጤቱን ሲሰማ ለወርቅነሽ ደውሎ ጆሮዋ እስኪያማት ጮኸ። «ሲስተር! ተመለሱ! ሁሉም አይደለም፣ ግን ተመለሱ!»

«ደግ» አለች ወርቅነሽ። ደስ ብሏት እንደሆነ ለማወቅ ውስጧን ዳሰሰች። የሆነ ነገር ነበረ፤ ምን እንደሆነ ለመለየት አልቸኮለችም።

በሳምንቱ እንደገና ተደወለ። ሁለቱም አንድ ስልክ ላይ ናቸው። አዲሱ የጋራ ቢሮ የት ይሁን በሚለው ሊጣሉ ደርሰዋል። ጥዑመልሳን ከመናኸሪያው አጠገብ ይሁን ይላል፤ ጀምስ ከባሮ ድልድይ ወዲህ ይሁን ይላል። አንዱ ሌላውን እያቋረጠ ያስረዷታል።

ወርቅነሽ ማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ቆማለች። ውስጥ አንዲት ወጣት አኙዋ፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ የአማቷን እጅ ጨብጣ ታቃስታለች።

«አቦቦ ይሁን» አለች።



«አቦቦ?» አለ ጥዑመልሳን። «ከተማውስ?»

«ወንበሮቹን በጀምስ መኪና አምጧቸው። ሰው እየጠበቀኝ ነው፤ ቻው» አለችና ስልኩን ኪሷ ከታ ጓንቷን አጠለቀች።